ማዛወር ማደስ አይደለም

በስካይሪም ሞድ ሠሪዎች ዘንድ አንድ ልማድ ሥር ሰዷል። እ.ኤ.አ. በ2011 ለወጣው ጌም የተሠራ ፕለጊን በክሪዬሽን ኪት ይከፈታል፤ ምንም ሳይነካ መልሶ ሴቭ ይደረጋል፤ የፎርም ቁጥሩ ከ43 ወደ 44 ይቀየራል። ከዚያ ለጌሙ የኋላ እትም፣ «ለስፔሻል ኤዲሽን የታደሰ» ተብሎ ይወጣል። ተጫዋቹ «ቁልፉን ከተጫንኩ በኋላ ሞዱ የሚነሳው ቆይቶ ነው» ሲል ደግሞ መልሱ የታወቀ ነው፦ ግራፊክስ ካርድህን ቀይር።

ይህ መልስ ስህተት ነው፤ ሰውን ባላጠፋው ጥፋት ገንዘብ ያስወጣል። ፎርሙን መቀየር ያስፈልጋል፤ እሱን አልቃወምም። ግን ስክሪፕቱን አይነካም፤ መዘግየቱ ያለው ስክሪፕቱ ውስጥ ነው።

ስካይሪም የሞዶችን ስክሪፕት የሚያስኬደው ፓፒረስ በሚባለው ሥርዓት ነው። ፓፒረስ በአንድ ፍሬም የተመደበለት ጊዜ፣ ማንም ካልቀየረው፣ 1.2 ሚሊሰከንድ ነው። ይህችን የጌሙ የራሱ ስክሪፕቶችና የተጫኑት ሞዶች ሁሉ ይሻሙባታል። ግራፊክስ ካርድ ሥዕሉን ያፈጥናል እንጂ ኮታውን አያሰፋም። «በአይ ኤን አይ ፋይሉ ኮታውን ከፍ አድርግ» የሚሉም አሉ። ግን በሰከንድ 60 ፍሬም የሚሄድ ጌም ለአንዱ ፍሬም ያለው 16.7 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው፤ ለስክሪፕት የሚጨመረው ከዚያው ላይ ይቀነሳል።

ብዙ አሮጌ ሞዶች ይህን ጊዜ በከንቱ ይበሉታል። ተጫዋቹ ሌላ ከተማ መግባቱን ለማወቅ በየሰከንዱ የሚጠይቅ ስክሪፕት፣ መንገዱን ሙሉ «ደረስን ወይ?» እያለ ሾፌሩን የሚነዘንዝ ተሳፋሪ ነው። ጌሙ እኮ ቦታ ሲቀየር ኦንሎኬሽንቼንጅ በተባለው ኢቨንት ራሱ ያሳውቃል! ስክሪፕቱ እስኪጠራ ዝም ብሎ መጠበቅ ይችላል። አንድ ነዝናዛ ሞድ ብቻውን ላይታወቅ ይችላል፤ ብዙዎቹ ሲደራረቡ ግን ጥያቄው ይቆለላል፣ ሁሉም ይዘገያል። ማደስ ማለት ይህን ንዝንዝ ነቅሎ በኢቨንት መተካት ነው።

«በነፃ የሚሠራን ሰው እንዲህ መጠየቅ ግፍ ነው» ይባላል። የነፃ ሥራን አከብራለሁ፤ ስክሪፕቱን እንደ አዲስ ጻፉ ብዬም አላስገድድም። ያልተሠራውን ተሠራ ማለት ግን በነፃም ቢሆን ማሳሳት ነው። ያዛወራችሁትን «የተዛወረ» በሉት። የራሳችሁን ሞድ የማደስ ጊዜ ከሌላችሁም የስክሪፕቱን ሶርስ ፋይል አብራችሁ አውጡ፤ ሌላው እንዲያስተካክለው በግልጽ ፍቀዱለት።