7ቷን ሰከንድ አይተው 16ቱን ዓመት ላላዩ ልጆች



ለማስተማር ልምምድ ወደ አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ከተመደብን ዕጩ መምህራን መካከል መርካቶ አካባቢ ያስተማርነው አንድ ጥያቄ ይዘን ተመልሰናል። ስለ መማሪያ መጽሐፍ እጥረትና ስለ ተማሪ ብዛት በዚህ ግድግዳ ላይ ብዙ ተጽፏል፤ ገናም ይጻፋል። የዛሬው ጉዳያችን ግን ፍልሚያ ነው። ከ6ኛና ከ7ኛ ክፍል ወንዶች ልጆች መካከል የአገራቸውን ወንዞች ጥሩ ሲባሉ ከዓባይና ከአዋሽ በኋላ ኮርኒስ ኮርኒሱን የሚያዩ፣ አንድ የኮሪያ ተፋላሚ በ7 ሰከንድ ማንን እንደ ዘረረ ግን አንድም ሳይሳሳቱ የሚነግሩን አሉ። ሰውየውን «ዞምቢው» ይሉታል። ከስልክ ወደ ስልክ እየተቀባበሉ ያዩታል፤ በዕረፍት ሰዓት ደግሞ ከሜዳው ጥግ ሄደው ያዩትን ይሞክሩታል።

ይህን ስንነጋገር ከመካከላችን ግማሹ ሳቀ፣ ግማሹ ተቆጣ። የተቆጡት «ጉልቤ ማፍሪያ ነው፤ በጥብቅ ይከልከል!» አሉ። እኛ የዚህ ጽሑፍ አዘጋጆች ግን ሳቁም ቁጣውም ሥራ ማቅለያ ነው ባዮች ነን። ልጁ የሚያደንቀውን ሰው ሳያውቅ የሚከለክል መምህር ማን ይሰማዋል? ስለዚህ ቁጭ ብለን የሰውየውን ታሪክ አጠናን። ያገኘነውም ልጆቹ ከሚያውቁት በጣም የሰፋ ሆነ።

በቅድሚያ ስለ ሙያው። ቅይጥ ፍልሚያ የሚባለው ቡጢን፣ እርግጫን፣ ትግልንና አንገት ማነቅን በአንድነት የሚፈቅድ ውድድር ነው። ትልቁ አዘጋጅ ዩ.ኤፍ.ሲ. የተባለው የአሜሪካ ድርጅት ሲሆን የመጀመሪያ ውድድሩን ያካሄደው እ.ኤ.አ. በ1993 ነው። ተፋላሚዎቹ 8 ማዕዘን ባለው የሽቦ አጥር ውስጥ ይገባሉ። አንዱ ዙር 5 ደቂቃ ነው፤ ተራው ግጥሚያ 3 ዙር፣ የሻምፒዮናውና የዕለቱ ዋና ግጥሚያ 5 ዙር ይሆናል። ለመርካቶ ልጅ ይህን ማስረዳት አይከብድም፤ ቡጢና ጠረባ በአንድ ላይ ማለት ነው። ቴስታ ግን እዚያም ክልክል ነው! (ይህን ስንነግራቸው ብዙዎቹ አዝነዋል።)

ሰውየው ጆንግ ቻን ሶንግ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1987 ፖሃንግ በምትባል የደቡብ ኮሪያ ከተማ ተወለደ። ልጅ ሳለ ወደ ሌላ ከተማ ሲዛወር አዲሶቹ የትምህርት ቤት ጓደኞቹ አልተቀበሉትም፤ ትንሽና ከባላገር የመጣ ልጅ ነው ብለው ያሠቃዩት ነበር። አክስቱ ይህን አይታ ሃፕኪዶ ወደሚሠለጥኑበት አዳራሽ ወሰደችው። ሃፕኪዶ ራስን ለመከላከል የሚማሩት የኮሪያ ጥበብ ነው። እንግዲህ ልጆቹ የሚያደንቁት ጀግና ወደ ፍልሚያ የገባው በጉልቤነቱ ሳይሆን በተመቺነቱ ነው።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ይህን ልጅ እኛ አናውቀውምን? ከገጠር መጥቶ ዘመድ ቤት የተጠጋ፣ ከትምህርት በኋላ ሸክም የሚሸከም ወይም ሶፍትና ማስቲካ የሚያዞር፣ አፉን በከፈተ ቁጥር «ፋራ!» እየተባለ የሚሳቅበት ልጅ በየክፍሉ የኋላ ወንበር ላይ አለ። አንዳንዴ እኛም ከልጆቹ ጋር ፈገግ እንላለን። ያ ልጅ ጠንካራ መሆን ሲመኝ የሚሄደው የኮሪያው ልጅ ወደ ሄደበት ነው። ቢሄድ ምን ይገርማል?

ወደ ታሪኩ እንመለስ። ጆንግ በሙያው መፋለም የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። በሚያዝያ 2010 ሊዮናርድ ጋርሲያ ከተባለ አሜሪካዊ ጋር አሜሪካ ውስጥ ገጥሞ ከ3ቱ ዳኞች 2ቱ ለጋርሲያ ፈረዱበት። ተሸነፈ፤ ነገር ግን የሚያስታውሱት እሱን ሆነ። ቢመቱት ቢመቱት ወደፊት እየተራመደ ይመጣልና «የኮሪያው ዞምቢ» የሚለው ቅጽል ስሙ ዓለምን የዞረው ከዚያ ወዲህ ነው። ልብ በሉ፤ ዝናው የተገኘው በሽንፈት ነው። በዚያው ዓመት መስከረም ላይም ጭንቅላቱን በእርግጫ ተመትቶ ተዘረረ። ሁለት ሽንፈት በተከታታይ።

በመጋቢት 2011 ከዚያው ከጋርሲያ ጋር እንደገና ተገናኘ። ሁለተኛው ዙር ሊያልቅ 1 ሰከንድ ሲቀረው፣ ማለትም በ4 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ላይ፣ ጀርባና አንገትን ጠምዝዞ በሚይዝ «ትዊስተር» በተባለ አያያዝ እጅ አሰጠው። በዩ.ኤፍ.ሲ. ታሪክ በዚህ አያያዝ ሲሸነፍ የመጀመሪያው ነበር። ይህን ዘዴ የተማረው ደግሞ የአንድ አሜሪካዊ አሠልጣኝን ቪዲዮ በኢንተርኔት እያየ ነው! በታኅሣሥ 2011 ካናዳ ውስጥ ማርክ ሆሚኒክን በ7 ሰከንድ ዘረረ። የመርካቶ ልጆች የሚያውቁት ይህችን ነው። ታሪኩ ለእነሱ እዚህ ላይ ያበቃል።

ሰውየው ግን ከዚያ በኋላ 12 ዓመት ኖሯል። በነሐሴ 2013 ለዓለም ሻምፒዮንነት ብራዚል ሄዶ ጆዜ አልዶን ገጠመ፤ ለዚህ ማዕረግ የተፋለመ የመጀመሪያው ኮሪያዊ እሱ ነው። በ4ኛው ዙር ትከሻው ወለቀ። ቆሞ እያለ በገዛ እጁ ወደ ቦታው ሊመልሰው ሲሞክር ተጋጣሚው አየና ያንኑ ትከሻ በእግሩ ደጋግሞ መታው፤ ዳኛው አስቆመ። ቀጥሎ የአገሩ ሕግ ጠራው። በደቡብ ኮሪያ ወንድ ልጅ ሁሉ ብሔራዊ አገልግሎት ይሰጣልና ዝነኛ ነኝ ብሎ ነገር የለም፤ ሄደ። ከብራዚሉ ግጥሚያ እስከ የካቲት 2017 ድረስ፣ ከ3 ዓመት ተኩል በላይ ማለት ነው፣ አንድም ጊዜ አልተፋለመም። ተመልሶ ቢያሸንፍም በዚያው ዓመት በልምምድ ላይ የጉልበቱ ጅማት ተበጠሰ።

በኅዳር 2018 ያየር ሮድሪጌዝ ከተባለው ሜክሲኳዊ ጋር 5 ዙር ሊጨርስ ተቃረበ። በነጥብ ይመራ ነበር። 1 ሰከንድ ቀረ። ሮድሪጌዝ ጎንበስ ብሎ ወደ ላይ በሰነዘረው ክርን አገጩን አገኘው፤ ጆንግ በግንባሩ ተደፋ። ሰዓቱ 4 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ይል ነበር። ከ7 ዓመት በፊት ያነሣችው ያቺው ሰከንድ ጣለችው። ይህን በክፍል ውስጥ ስንተርክ የማይቀመጠው ልጅ ሁሉ ቁጭ ብሎ ሰምቶናል፤ ስለ ደቂቃና ሰከንድ ያዘጋጀነውን የሒሳብ ትምህርትም ከዚህ የተሻለ አስተምረነው አናውቅም።

በሚያዝያ 2022 ሁለተኛ የሻምፒዮንነት ዕድል አግኝቶ በ4ኛው ዙር ዳኛው አስቆመበት። በነሐሴ 2023 ሲንጋፖር ላይ በማክስ ሆሎዌይ በ3ኛው ዙር ከተዘረረ በኋላ «በቃኝ» ብሎ ጓንቱን አውልቆ እዚያው አጥሩ ውስጥ ተወው። ዕድሜው 36 ነበር። ድምር፦ በ16 ዓመት 25 ግጥሚያ፣ 17 ድልና 8 ሽንፈት። የሻምፒዮንነት ቀበቶ? የለም።

በ36 ዓመት ዕድሜ መምህር ገና መሞቁ ነው። የዚህ ሙያ ሰው ግን ያኔ ጡረታ ይወጣል፤ ያውም የወለቀ ትከሻ፣ የተበጠሰ ጅማትና ስንት ጊዜ እንደ ተመታ ያልተቆጠረ ጭንቅላት ይዞ። ጆንግ ከስሙ የተነሣ ዛሬ የራሱ ማሠልጠኛ አለው፤ ውድድርም ያዘጋጃል። ስሙ ያልታወቀው ተፋላሚ ምን ይሆናል? የመርካቶ ልጅ በ13 ዓመቱ «ትምህርቱን ትቼ ልሠልጥን» ሲል ይህን ሒሳብ ሠርቶ ያሳየው ማንም የለም። ከእኛ የሚጠበቀውም ይኸው ነው፤ ልጁን ሳያስቀይሙ እስከ መጨረሻው ድረስ መቁጠር።

«ይህ የኮሪያ ወሬ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» የሚሉን አይጠፉም። ኮሪያ እኮ ለእኛ ሩቅ አይደለችም። በ1943 ዓ.ም. የቃኘው ሻለቃ ወደዚያ ዘምቷል። ኮሪያ ደግሞ ቴኳንዶን ላከችልን፤ ዛሬ በአዲስ አበባ በየሠፈሩ ነጭ ልብስ ለብሰው ወደ ልምምድ የሚሮጡ ልጆችን የማያውቅ የለም። ቴኳንዶ በኦሊምፒክ መድረክ ለትርኢት ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በ1981 ዓ.ም. በሶል ሲሆን፣ አገራችን ግን በዚያ ኦሊምፒክ አልተካፈለችም። ከዚያ በኋላ ሰለሞን ቱፋ የተባለው ወጣት በየካቲት 2012 ዓ.ም. ሞሮኮ ራባት ላይ በተደረገው የአፍሪካ ማጣሪያ በ58 ኪሎ ግራም ካለፉት ሁለት ሰዎች አንዱ ሆነ፤ በሐምሌ 2013 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ ኢትዮጵያን በኦሊምፒክ ቴኳንዶ የወከለ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። ሜዳሊያ አላገኘም። እዚያ አንድ ግጥሚያ 3 ዙር፣ ዙሩም 2 ደቂቃ ነበር። ለ6 ደቂቃ ስንት ዓመት እንደሚለፋ አስቡት! ክፍል ውስጥ ስሙን ያውቁት እንደሆነ ብንጠይቅ ከ58 ተማሪዎች 3 እጆች ተነሡ። የሆሚኒክን ስም የማያውቅ ግን አልነበረም። ለዚህ ልጆቹን አንወቅስም፤ የነገራቸው የለምና።

ስለ ማሠልጠኛዎቹም የታዘብነውን እንናገር። አንዳንዶቻችን ከትምህርት ሰዓት በኋላ ተማሪዎቻችንን ተከትለን ሄደን ነበር። አዳራሹ ጠባብ፣ ወለሉ ሲሚንቶ፣ ከውጭ የጎማ ጋሪና የተሸካሚ ጩኸት ነው። ውስጥ ግን ልጁ ሲገባ ጎንበስ ብሎ እጅ ይነሣል፤ አሠልጣኙን «ማስተር» ይላል፤ ተራውን ይጠብቃል። ነጭ ቀበቶ የታጠቀው ቢጫውን የሚያገኘው በሁሉ ፊት ተፈትኖ ነው፤ ከዚያ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ቀይ፣ ጥቁር እያለ ይቀጥላል። ያልተሳካለት ልጅ «ደደብ» ሲባል አልሰማንም፤ «ድገመው» ነው የሚባለው። 20 ጊዜ ቢስት 20 ጊዜ ይደግማል። እኛ ዘንድ በሰሌዳው ፊት ሁለት ጊዜ የሳተ ልጅ ሦስተኛ እጁን አያወጣም። መምህሮቻችን ስለ ማበረታታት በየሴሚስተሩ ይነግሩናል፤ እኛም በፈተና ላይ አሳምረን እንጽፈዋለን።

ይሁን እንጂ አዳራሹንም አናወድስ። ቴኳንዶና ቅይጥ ፍልሚያ የተለያዩ መሆናቸውን አንዳንዱ አሠልጣኝ ራሱ ለልጆቹ አያስረዳም። በኦሊምፒኩ ቴኳንዶ ፊትን በቡጢ መምታት ክልክል ነው፤ የራስ መከላከያ ይደረጋል፤ የወደቀ አይመታም። በቅይጡ ፍልሚያ የወደቀው ነው ይበልጥ የሚመታ። ልጁ ጠዋት የተማረውን ከሰዓት በስልክ ካየው ጋር ይደባልቀዋል። በልምምዳችን ወቅት አንድ የ6ኛ ክፍል ተማሪ ጓደኛውን ከቪዲዮ ባየው ዘዴ አንገቱን ይዞ ሲያንቀው ልጁ ራሱን ሳተ። እግዚአብሔር ይመስገን ወዲያው ነቃ። በሜዳው የነበርን ትልልቅ ሰዎች ግን ምን ማድረግ እንዳለብን አናውቅም ነበር፤ አንዱ ውኃ ይርጭ፣ አንዱ በጥፊ ይምታው ይል ጀመር። አንገት ሲታነቅ ወደ አንጎል የሚሄደው ደም ይቋረጣል፤ ራስን ለመሳት ጥቂት ሰከንዶች ይበቃሉ። ጭንቅላቱን የተመታ ወይም ራሱን የሳተ ልጅ ከተደናገረ፣ ካስታወከው ወይም ራሴን አመመኝ ካለ ያን ቀን ወደ ጨዋታም ወደ ልምምድም አይመለስም፤ ጤና ጣቢያ ይወሰዳል። ይህን በየትኛውም ኮርስ አልተማርነውም።

ጆንግ ትዊስተርን ከቪዲዮ ተማረ ብለናል። እውነት ነው፤ ነገር ግን ያኔ የዓመታት ሥልጠና ነበረው፤ አብረውት የሚለማመዱትም እንደ እሱ የሠለጠኑ ነበሩ። የመርካቶ ልጅ ያለው ስልኩና የታናሽ ወንድሙ አንገት ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? «ይከልከል» የሚሉት ጓደኞቻችን አንድ ነገር ይንገሩን፤ ልጁን ከአዳራሹ ከልክለን ወዴት ልንወስደው ነው? ወደ ትምህርት ቤቱ ሜዳ እንዳንል፣ ፈተና በተቃረበ ቁጥር መጀመሪያ የሚሠዋው የሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜ ነው። በዕቅድ ደብተራችን ላይ «ሰ.ማ.» ተብሎ ተጽፎ ሒሳብ ይከለስበታል። ኳሱም አንድ፣ ልጁም ከ50 በላይ ሲሆን ያው ጉልበት ያለው ይጫወታል፤ ያ ከኋላ ወንበር የሚቀመጠው ልጅ ቆሞ ያያል።

ስለዚህ ሁለት ነገር እንጠይቃለን። አንደኛ፣ የተቋማችን የሰውነት ማጎልመሻ ክፍል የሚቀጥለው ምድብ ለልምምድ ከመውጣቱ በፊት አንድ የቴኳንዶ አሠልጣኝና አንድ የጤና ባለሙያ ጋብዞ ግማሽ ቀን ያሠልጥነን፤ ለዚህ ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። ሁለተኛ፣ መርካቶ የሚመደቡ ባልደረቦች የጆንግን 25 ግጥሚያዎችና የሰለሞንን 6 ደቂቃ ለሒሳብና ለአማርኛ ትምህርት መርጃ ያድርጓቸው። እኛ የሠራነው የትምህርት ዕቅድ ከዚህ ወረቀት ጎን ተለጥፏል፤ ገልብጣችሁ ውሰዱ፣ ስሕተት ካገኛችሁበትም በእርሳስ አርሙት። ክፍሉ መልስ እስኪሰጠን ድረስ ሁለቱም ከዚህ ግድግዳ አይነሡም።