ሠዓሊው ለማኝ እንዳይሆን

በቂርቆስ ክፍለ ከተማ ያለው ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው በኢጣልያ ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ከተሠሩት ቤቶች ነው። «ካዜ» በኢጣልያንኛ ቤቶች ማለት ሲሆን፥ «ኢንቺስ» የአሠሪው ድርጅት አጭር ስም ነበር። በ2017 ዓ.ም. ብዙው ቤት ቢፈርስም ስሙ ትውልዱን እንደ ያዘ ይኖራል።

የእኛ ፊደልም እንዲሁ የቃልን ትውልድ ይጠብቃል። በዚያው ሠፈር በ1953 ዓ.ም. የተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ የአፈወርቅ ተክሌን የመስተዋት ሥዕል ይዟል። «ሠዓሊ» በንጉሡ ሠና በዓይኑ ዐ ሲጻፍ ሥዕል የሚሥል ነው፤ በእሳቱ ሰና በአልፋው አ ሲጻፍ ግን በግእዝ ለማኝ ማለት ነው። «ሠረቀ»ም በንጉሡ «ወጣ»፥ በእሳቱ «ሌባ ሆነ» ይላል። እንግዲህ የጸሐፊው እጅ ሲስት ባለ ሙያው ለማኝ፥ የወጣችውም ፀሐይ ሌባ ትሆናለች።

«ድምፁ አንድ ከሆነ ፊደሉ ለምን ይበዛል?» የሚሉ አሉ። ለሕፃናት ማስተማሩ እንደሚከብድ አልክድም። ዳሩ ግን በእንግሊዝኛ ሌሊትም የጥንቱ ፈረሰኛ ጦረኛም «ናይት» ተብለው ሲነበቡ፥ ተማሪያችን በሁለተኛው መነሻ ላይ የማይሰማውን «ኬ» ሳያጉረመርም ያጠናል። ያ «ኬ» ቀድሞ ይነበብ ነበርና የቃሉ ትውልድ ምልክት ነው። ለባዕድ ቋንቋ ያልነፈግነውን ትዕግሥት ለራሳችን ብንነፍግ ትዝብት አይሆንም ወይ?

ስለዚህ ወጣት ጸሐፊዎች ሆይ፥ በ1948 ዓ.ም. የታተመውን የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌን መዝገበ ቃላት ከጠረጴዛችሁ አታርቁ። ደብዳቤውን ከመፈረማችሁ በፊት የተጠራጠራችሁትን ቃል ግለጡ። ማኅተም የተመታበት ስሕተት ለሚቀጥለው ጸሐፊ ትምህርት ሆኖ ይቀራልና።