ኑ፣ ጾሙን በአጥቢያችን አብረን እንጹመው

ሕዳር 15 ቀን ጾመ ነቢያት ይገባል። ከዚያች ዕለት አንሥቶ እስከ ልደት ዋዜማ 44 ቀን አለን። የመጨረሻዋን ሌሊት ሁላችንም እናውቃታለን። ነጭ ለብሰን፣ ልጆቻችንን አዝለን፣ ጧፋችንን ይዘን እንወጣለን፤ ቅጽሩ ጠቦን ከበሩ ውጭ ቆመን እናስቀድሳለን። ከዚያ በፊት ያሉትን ቀናት ግን ለማን ተውናቸው? ለጥቂት ካህናት፣ ለጥቂት ዲያቆናት፣ ማልደው ለሚሳለሙ ጥቂት እናቶች። ዘንድሮ ይህ ይለወጥ! ጾሙን በየጓዳችን ተለያይተን መጾማችን ይብቃ። እንደ አንድ አጥቢያ፣ እንደ አንድ ቤተ ሰብ እንጹመው።

ይህ ጾም ከመነሻው የብዙዎች ጾም ነው። 40ው ቀን ነቢያት የክርስቶስን መምጣት በተስፋ ሲጠባበቁ፣ አንዱ ሲያልፍ ሌላው እየተቀበለ የጾሙትና የጸለዩት መታሰቢያ ነው። በላዩ 3 ቀን ተጨምሯል፤ አንዷ ቀን ደግሞ የበዓሉ ገሃድ ናት። ስለ ሦስቱ ቀናት ብዙዎቻችን አስበን አናውቅም። ዛሬ ለመነሣት የሚያስፈልገን ትምህርት ግን ያለው እነርሱ ውስጥ ነው።

ትውፊቱ እንዲህ ነው። በ10ኛው መቶ ክፍለ ዘመን 62ኛው የእስክንድርያ ሊቀ ጳጳሳት አባ አብርሃም ሶርያዊ በካይሮው ገዥ ፊት ቀረቡ። ገዥው፣ የሰናፍጭ ቅንጣት የምታህል እምነት ተራራ ታነሣለች የሚለው ወንጌላችሁ እውነት ከሆነ በዓይኔ አሳዩኝ፤ አለዚያ ለሕዝባችሁ ወዮለት አላቸው። አባ አብርሃም ብቻቸውን ሊጸልዩ በራቸውን አልዘጉም። ካህናቱን፣ መነኮሳቱንና ምእመናኑን ጠርተው የ3 ቀን ጾምና ጸሎት አወጁ። በ3ኛው ቀን እመቤታችን ተገልጣ ወደ ገበያው እንዲወጡና ውኃ የተሸከመ፣ አንድ ዓይን ብቻ ያለው ሰው እንዲፈልጉ ነገረቻቸው። ያ ሰው ስምዖን ጫማ ሰፊው ነበር። በየማለዳው ወደ ሥራው ከመግባቱ በፊት ውኃ እየቀዳ ከቤት መውጣት ለማይችሉ አረጋውያንና ሕሙማን ያደርሳል። ከዚያ ሕዝቡ ሁሉ በሙቀጠም ተራራ ፊት ቆመ። ስምዖንም ማንም እንዳያውቀው በሕዝቡ መካከል ተሰወረ። ኪርያላይሶን እያሉ ሰገዱ፤ ከስግደት ቀና ባሉ ቁጥር ተራራው ከመሬት ተነሣ።

ይህን ታሪክ በታኅሣሥ ስንክሳር ሲነበብ ሰምተን "ድንቅ ነው" ብለን እንመለሳለን። እስቲ ዘንድሮ ጠጋ ብለን እንየው። ፓትርያርኩ ያለ ሕዝቡ ወደ ተራራው አልሄዱም። ሕዝቡ ያለ ስምዖን አልቆመም። ስምዖንም ክብር ፈልጎ ወደ ፊት አልወጣም። የመሪ አዋጅ፣ የሕዝብ ጾም፣ የአንድ ጫማ ሰፊ የውኃ እንስራ፤ ሦስቱ ሲገናኙ ተራራ ተነሣ። እኛስ? መሪዎቻችን ጾሙን ያውጃሉ፤ እኛም እንጾማለን። በየአጥቢያችን ደጅ ላይ ግን ዛሬም ያልተነሡ ተራሮች አሉ፤ እንስራውን የሚሸከመው ሰው ጎድሎናልና።

አብሮ መሥራት ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ሰው ሲሞት ዕድራችን ድንኳን ይተክላል። በየወሩ ጽዋ እንጠጣለን፣ ሰንበቴ እንቆማለን። በዓል ሲደርስ ለቅርጫ በሬ አዋጥተን መደብ መደብ አድርገን እንካፈላለን። ይህንኑ ልማድ ለጾሙ እናውለው ነው የምለው። በ1965 ዓ.ም. የወጣው ቃለ ዓዋዲም ካህናትን፣ ምእመናንንና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችን በአንድ ሰበካ ጉባኤ ያስቀመጠው አጥቢያ የሁሉም ስለሆነ ነው። ከገና በፊት ያሉት ሦስቱ እሑዶች፣ ስብከት፣ ብርሃንና ኖላዊ፣ የሥራ ሰሌዳችን ይሁኑ። ለእያንዳንዱ እሑድ አንድ ሥራ!

የመጀመሪያው ስብከት ነው፤ ከታኅሣሥ 7 እስከ 13 ባለው እሑድ ይውላል። ነቢያት ስለ ክርስቶስ መምጣት ማስተማራቸው የሚታሰብበት ነው። የዚህ ሳምንት ሥራችን መማርና ማስተማር ይሁን። በማኅሌት ሰዓት ቤተ ክርስቲያናችንን ተመልከቱ። መቋሚያ ይዘው የሚያሸበሽቡት፣ ጸናጽሉን የሚጥሉት ሊቃውንት ስንት ናቸው? ከግድግዳው ሥር ስልኩን ከፍ አድርጎ የሚቀርጸው ወጣትስ ስንት ነው? ያ ወጣት ፍቅር ባይኖረው ሌሊቱን ቆሞ ባልቀረጸ። ጠርተን ከፊታችን እናቁመው! ከ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ ከአክሱሙ ቅዱስ ያሬድ ጀምሮ ግእዝ፣ ዕዝልና አራራይ ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ የመጣው በቀረጻ አይደለም፤ ደቀ መዝሙሩ ከመምህሩ እግር ሥር ተቀምጦ፣ ዜማውን በቃሉ ይዞ፣ ተራውን እየተቀበለ ነው። መሪጌቶች ሆይ፣ ከሠርክ ጸሎት በኋላ ግማሽ ሰዓት ስጡን። ወላጆች ሆይ፣ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ኑ። የልደትን ምስባክና የሕዝብ ተሰጥኦውን የሚያውቅ ልጅ በቅዳሴው መካከል ባይተዋር አይሆንም።

ሁለተኛው ብርሃን ነው፤ ከታኅሣሥ 14 እስከ 20 ባለው እሑድ ይውላል። ዓለም በጨለማ ሳለ ነቢያት ብርሃን እንዲላክላቸው መለመናቸው የሚታሰብበት ነው። በዚሁ ሰሞን፣ ታኅሣሥ 19 ቀን፣ የቅዱስ ገብርኤል በዓል ስለሚውል ምእመናን ጧፍና ጥላ፣ መጋረጃና ምንጣፍ በስዕለት ያገባሉ። መልካም ነው። በከተማው ትልቅ ደብር ጧፉ ተከምሮ ሲተርፍ ግን ወንዝ ማዶ ያለችው የገጠር ቤተ ክርስቲያን ዕጣን፣ ጧፍና ዘቢብ አጥታ ታቦቷ ያለ ቅዳሴ የሚሰነብትበት ጊዜ አለ። የከተማ አጥቢያ ሁሉ በዚህ ሳምንት አንዲት የገጠር ቤተ ክርስቲያን እኅት ይያዝ! ሰበካ ጉባኤው ከወረዳው ቤተ ክህነት ጋር ተነጋግሮ የትኛዋ እንደምትጎዳ ይወቅ፤ ወጣቶቹ ዕጣኑን፣ ጧፉን፣ ዘቢቡንና የመሥዋዕቱን ስንዴ ጭነው ይሂዱ።

ብርሃን የሚጠፋው ግን በጧፍ እጥረት ብቻ አይደለም። ቅዳሴ ለመግባት ሁለት ቀሳውስትና ሦስት ዲያቆናት፣ አምስት ልዑካን ያስፈልጋሉ። አንዱ ዲያቆን ኑሮ ከብዶት ለቀን ሥራ ወደ ከተማ ከወረደ የአንድ ቀበሌ ሕዝብ ቅዳሴ ያጣል። አገልጋይ አጥተው የተዘጉ አብያተ ክርስቲያናት እንዳሉ የማያውቅ የለም። የነገው ዲያቆን ዛሬ ደበሎ ለብሶ፣ ስልቻውን አንግቶ፣ ከደጃፋችን ቆሞ በእመቤታችን ስም የሚለምነው የቆሎ ተማሪ ነው። ቁራሽ ሰጥተነው ብቻ አንለፍ። የአብነት ትምህርት ቤቱ የት ነው? ጎጆው ያፈሳል ወይ? ብርድ ልብስ አለው? ንጹሕ ውኃስ? ሄደን እንይ፤ ያየነውን እናሟላ። ከዚያ ተመልሰን የራሳችንን ቤተ ልሔም እንይ። ሌሊት ሁላችንም ተኝተን ሳለ ዲያቆኑ በደረቅ ብርድ ተነሥቶ፣ የነጣውን ዱቄት ነፍቶና አቡክቶ፣ እሳቱን አንድዶ ኅብስቱን የሚያዘጋጀው እዚያች ትንሽ ቤት ውስጥ ነው። ቆርቆሮዋ ዝጎ፣ ግድግዳዋ ተሰንጥቆ ከሆነ በልደት ሌሊት እንዲያ ሆና አትቆየን። አናጺ አለን፣ ግንበኛ አለን፣ ቀለም ቀቢ አለን። አንድ ቅዳሜ ይበቃታል!

ሦስተኛው ኖላዊ ነው፤ ከታኅሣሥ 21 እስከ 27 ባለው እሑድ ይውላል። መልካሙ እረኛ የጠፋውን በግ ሊፈልግ መምጣቱ የሚታሰብበት ነው። እዚህ ላይ ነው የስምዖንን እንስራ የምንሸከመው። በየአጥቢያችን ከዓመት ዓመት በአንድ ቦታ ቆመው ሲያስቀድሱ የኖሩ፣ ዛሬ ግን ጉልበታቸው ከድቷቸው አልጋ ላይ የዋሉ እናቶችና አባቶች አሉ። የቅዳሴው ደወል ይሰማቸዋል፤ መምጣት አይችሉም። የንስሐ አባቶች የእነዚህን ሰዎች ቤት ያውቃሉ፤ ለሰንበት ትምህርት ቤቱ ይንገሩት። ወጣቶች ሁለት ሁለት ሆነው ይሂዱ፤ ውኃ ይቅዱ፣ ቤት ይጥረጉ፣ ልብስ ይጠቡ፣ ጸበል ያድርሱ። የልደት ሌሊት ደግሞ መኪና ያለው ሁሉ መኪናውን ያሰልፍ። አንድም አረጋዊ ፈልጎ ሳለ የሚወስደው አጥቶ ቤቱ አይቅር!

ኖላዊ ዕርቅም ነው። ወንድም ከወንድሙ በድንበር፣ ጎረቤት ከጎረቤቱ በአጥር ተኳርፎ በአንድ ቅጽር ውስጥ ጀርባ ሰጥቶ የሚያስቀድስ ስንት ነው? በብሔርና በፖለቲካ ተቆራርጠን የማኅበር ጽዋ ያቋረጥን ስንት ነን? ሽማግሌዎች ሆይ፣ ይህ ሳምንት የእናንተ ነው። ሕፃኑ የተወለደው ሰውንና እግዚአብሔርን፣ ሰውንና መላእክትን ሊያስታርቅ ነው ብለን እየዘመርን ተጣልተን ገና አንውል። እንሂድ፣ እንታረቅ፣ እንካስ፤ ጦርነት ቤቱን ያፈረሰበት ተፈናቃይም በአጥቢያችን ካለ ስሙን እንወቅ፣ ከማዕዳችን እናስቀምጠው።

ስለ ማዕድ ካነሣን፣ የበዓሉን ቅርጫ አንርሳ። የቅርጫ ማኅበር ሁሉ ዘንድሮ አንድ መደብ ለሌለው ይመድብ። በ44 ቀን ከሥጋ፣ ከወተትና ከቅቤ የተረፈንን ገንዘብም እንቁጠረው። ያ ገንዘብ የድሃው ድርሻ ነው፤ ለፍስክ ድግስ ማድመቂያ ካደረግነው የጾማችንን ፍሬ ራሳችን በላነው ማለት ነው።

ይህን ሁሉ የሚችል ሕዝብ አለ ወይ የሚል ካለ ላሊበላን ይይ። ታኅሣሥ 29 ቀን፣ የጌታችን ልደት ከቅዱስ ላሊበላ ልደት ጋር በሚከበርበት ዕለት፣ ምእመናን ከሩቅ አገር ስንቃቸውን ይዘው፣ ቀናትና ሳምንታት በእግራቸው ተጉዘው ይደርሳሉ። የከተማዋ ሰው ዝቅ ብሎ የእንግዳውን እግር ያጥባል፤ ያለውን አካፍሎ ያሳድራል። ማለዳ በቤተ ማርያም ዙሪያ፣ በማሜ ጋራ፣ ካህናቱ ግማሾቹ ከዐለቱ አፋፍ ላይ እንደ መላእክት፣ ግማሾቹ ከታች እንደ እረኞች ሆነው ቤዛ ኩሉን ይቀባበላሉ። ከላይ ያለው ብቻውን አይዘምርም፤ ከታች ያለው ይመልስለታል። እያንዳንዱ አጥቢያ እንዲህ መሆን ይችላል። እግር ማጠብ ሀብት አይጠይቅም፤ መጎንበስን ይጠይቃል።

በውጭ አገር ያላችሁ ወገኖቻችንም ከዚህ ጥሪ ውጭ አይደላችሁም። በዋሽንግተንና በለንደን ጎረቤቶቻችሁ ገናን ሲያከብሩ ለእናንተ ገና ታኅሣሥ 16 ነው፤ ከመብራቱና ከግብዣው መካከል ጾማችሁን ይዛችሁ ትቆማላችሁ። የእኛ ልደት ሲደርስ ደግሞ ለብዙዎቻችሁ የሥራ ቀን ነው፤ ከቅዳሴ ወጥታችሁ በዚያው ወደ ሥራ የምትገቡ አላችሁ። ከአሁኑ የዕረፍት ቀናችሁን ጠይቁ፤ ልጆቻችሁን ከትምህርት ቤት አስፈቅዱ። ፈቃድ የማታገኝ እህት በዓረብ አገር ብቻዋን በሰው ቤት አለች፤ ደውሉላት፣ ቅዳሴውን በስልክ አሰሟት፣ ከማኅበራችሁ ቍጠሯት።

እንግዲህ ከየት እንጀምር? ከመጪው እሑድ! ቅዳሴ ሲያበቃ ወደ ቤታችን አንሩጥ። ዐውደ ምሕረቱ ላይ እንቆይ፤ የሰበካ ጉባኤ አባላትን፣ የሰንበት ትምህርት ቤቱን አመራሮች፣ የጽዋ ማኅበር ሙሴዎችን በአንድ ላይ እናስቀምጥ። ሦስቱን እሑዶች በሦስት ኮሚቴ እንከፋፈል፤ ማን ምን እንደሚሠራ ስሙ ይጻፍ፤ በየሰንበቱም የተሠራው ለሕዝቡ ይነገር። ገንዘብ ያለው ገንዘቡን፣ ሙያ ያለው ሙያውን፣ ጉልበት ያለው ጉልበቱን ያምጣ። ምንም የለኝም የሚል ስምዖንን ያስብ፤ እርሱ የነበረው አንድ ዓይንና አንድ የውኃ እንስራ ነበር።

ካህናት ሆይ፣ ጥሩን፤ እንመጣለን። ወጣቶች ሆይ፣ ተነሡ፤ ቦታው የእናንተ ነው። እናቶች ሆይ፣ እስከ ዛሬ ብቻችሁን የያዛችሁትን ደጅ አብረን እንይዘዋለን። ሕዳር 15 ቀን አንድ ሆነን እንግባ፤ ታኅሣሥ 29 ቀን አንድ ሆነን እንውጣ። እንነሣ!