ማጀት የማን ነው?

«ማጀት የሴት ነው» የሚሉ ሰዎች ብዙ ናቸው። እናንተስ ምን ትላላችሁ? በአዲስ አበባ፥ አብነት ሰፈር የሚኖሩትን የአዲስ ተጋቢ ጎረቤቶቼን ታሪክ ስሙና ፍረዱ።

ባልና ሚስቱ 55 ቀን የሚጾመውን ሁዳዴ በሽሮ ከተወጡ በኋላ ለፋሲካ ዶሮ ወጥ ሊሠሩ ተነሡ። ባል «12 ብልት አወጣለሁ» ብሎ ቢጀምር 9 ላይ ጨረሰ። ሚስትም እሳቱን አብዝታ ቁሌቱን አሳረረችው። እንግዶች በመጡ ጊዜ የቀረበላቸው የተቀቀለ እንቁላል ብቻ ነበር!

ነገሩ ያስቃል፤ ያስተምራልም። የሚስት ሴትነት ቁሌቱን ከማረር አላዳነውም፤ የባልም ስሕተት ከወንድነቱ የመጣ አይደለም። ሁለቱም አልተማሩም ነበር። ከፍልሰታ ጾም በኋላ ግን ከአንዲት ጎረቤት ባልቴት አብረው ተማሩ። ለእንቁጣጣሽም 12ቱ ብልት ሳይጎድል፥ ቁሌቱም ሳያርር ወጡ ቀረበ።

እንግዲህ ሙያ በትምህርት እንጂ በፆታ አይገኝም። ወንድ ልጅ ሽንኩርት ሲከትፍ ብታዩ አትሣቁበት፤ ሴት ልጅም ወጥ መሥራት ባታውቅ አትንቀፏት። የሚበላ ሁሉ ማብሰልን ይማር ዘንድ ይገባዋል፤ ማጀት የሁላችንም ነውና።