የልጃችን የሥራ ታሪክ በአንድ ገጽ

በዚህ ዓምድ ብዙውን ጊዜ የምንነጋገረው ስለ ኡልፓን፣ ስለ ቢቱዋህ ለኡሚና ስለ መሽካንታ ነው። ዛሬ ግን ልጆቻቸውን አስተምረው ያስመረቁ ወላጆች ይዘውት የሚመጡትን አንድ ጥያቄ እናንሣ። ከመርካዝ ክሊጣ በቅርብ ጊዜ ለወጣችሁ ቤተሰቦችም ነገሩ ሩቅ አይደለም፤ ዛሬ ዘጠነኛ ክፍል ያለው ልጃችሁ ነገ በዚሁ በር ያልፋልና።

ጥያቄው አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ነው፦ «ልጃችን ተምሮ መሃንዲስ ሆነ ብለን ደስ ብሎን ነበር። ይኸው ወራት አለፉ፤ ከኮምፒውተሩ ፊት አይነሣም፣ ወረቀት ይልካል፣ መልስ አይመጣም። የጎረቤታችን ልጅ ሽሚራ ገብቶ ደመወዙን ያመጣል። የእኛውስ ምን ይሻለዋል? ደግሞስ ሙያው ምን እንደሆነ ሰው ሲጠይቀን መመለስ አቃተን።»

ሙያውን ሳያውቁ ልጅን መምከር ስለማይቻል ከኋለኛው ጥያቄ እንጀምር።

ሥራው ምንድን ነው?

ብዙ ወጣቶች ከሚማሯቸው የኮምፒውተር ሙያዎች አንዱ በእንግሊዝኛ ኢምቤድድ ይባላል። በእኛ ቋንቋ ዕቃ ውስጥ የተቀመጠ ኮምፒውተር ብንለው ይገባናል። ኮምፒውተር ሲባል ጠረጴዛ ላይ ያለውን ብቻ እናስባለን። ነገር ግን የልብስ ማጠቢያው፣ የሕንጻችን ማዓሊት፣ የመንገዱ ራምዞር፣ በአውቶቡስ ራብ-ካብ የምናስነካበት መሣሪያ፣ የስኳር ሕመምተኛ ደሙን የሚለካበት ትንሽ ዕቃ፣ እነዚህ ሁሉ በውስጣቸው ጥፍር የምታህል ኮምፒውተር አለቻቸው። ቺፕ ትባላለች።

የልብስ ማጠቢያውን እንመልከት። ውኃው የደረሰበትን የሚለካ ክፍል ለቺፗ ይነግራታል። እርሷም የውኃውን መግቢያ ትዘጋለች፣ ሞተሩን ታዞራለች፤ በሩ ክፍት ከሆነ ግን አታዞርም። ይህን ሁሉ ትእዛዝ አንድ በአንድ የጻፈ ሰው አለ፤ አብዛኛውን ጊዜም «ሲ» በሚባል የፕሮግራም ቋንቋ ይጻፋል። ቺፗ ያላት ቦታ ጥቂት ስለሆነ ትእዛዙ ማጠር አለበት። ደግሞም መዘግየት የለበትም፤ የመኪና ፍሬን የሚቆጣጠር ፕሮግራም ጥቂት ቢዘገይ የሰው ሕይወት ያጠፋል። ስለዚህ ይህ መሃንዲስ ጽሑፍ ብቻ አይጽፍም። ሽቦ ይበይዳል፣ የኤሌክትሪኩን ሞገድ ኦሲሎስኮፕ በሚባል መሣሪያ ያያል፣ ዕቃው ለምን እንደቆመ ሌሊቱን ሲፈልግ ያድራል።

ሙያው ለከተማችንም እንግዳ አይደለም። በእስራኤል የመጀመሪያው ኮምፒውተር ዋይዛክ የተሠራው እዚሁ ሬሆቦት፣ በዋይዝማን ተቋም ነው፤ ሥራ የጀመረውም በ1955 እ.ኤ.አ. ነበር። ያ ኮምፒውተር አንድ ክፍል የሚሞላ ነበር። ዛሬ ከእርሱ እጅግ የሚፈጥን ኮምፒውተር በእጅ ሰዓት ውስጥ ይገባል።

አባቶቻችን የሚያውቁት ነገር

ይህን ሙያ ከእኛ የራቀ አድርጎ ማየት ስህተት ይመስለኛል። በጎንደር አባቶቻችን ብረት ቀጥቅጠው ማረሻ፣ ማጭድና ቢላዋ ይሠሩ ነበር፤ እናቶቻችን ሸክላ ይሠሩ ነበር፤ ሸማኔዎችም ነበሩ። በእጃቸው ሥራ ምክንያት «ቡዳ» እየተባሉ ቢሰደቡም፣ ገበሬው ማረሻው ሲደንዝበት የሚመጣው ወደ እነርሱ ነበር። የቀጥቃጭ ልጅ በመጀመሪያ ወናፍ ይነፋል፣ ቀጥሎ እሳቱን መጠበቅ ይማራል፣ ብረቱ መቼ እንደሚመታ ከቀለሙ ያውቃል፣ በመጨረሻ መዶሻውን ይይዛል። ለዚያ ልጅ ወረቀት የሚጠይቀው አልነበረም፤ የሠራው ማረሻ ራሱ ይመሰክርለት ነበር።

እዚህ አገር ግን ሥራ የሚሰጠው ሰው ልጃችሁንም አባቱንም አያውቅም። በፊቱ ያለው ኮሮት ሃዪም የሚባል አንድ ገጽ ወረቀት ነው። የጀማሪው ፈተና ማረሻውን በዚያ ገጽ ላይ ማሳየት ነው።

በገጹ ላይ ምን ይጻፋል?

አንደኛ፣ ትምህርት። በዩኒቨርሲቲ ወይም በኮሌጅ የተገኘ የምሕንድስና ቶአር ሪሾን አብዛኛውን ጊዜ አራት ዓመት ይፈጃል፤ ሃንዴሳይ የሚባለው የሙያ ትምህርት ደግሞ በቀን ለሚማር ሰው ሁለት ዓመት ያህል ነው። ሁለቱም በር ይከፍታሉ፤ ከሃንዴሳይ ጀምረው በኋላ ወደ ዲግሪ የሚቀጥሉም አሉ።

ሁለተኛ፣ የሠራዊት አገልግሎት። ልጃችሁ ወይም ልጃችሁ የሆነችው ወጣት በሠራዊት ውስጥ ራዲዮ ያስተካከሉ፣ መሣሪያ የጠገኑ ወይም ለሌሎች ወታደሮች ኃላፊ የነበሩ እንደሆነ በግልጽ ይጻፍ።

ሦስተኛ፣ በእጅ የተሠራ ሥራ። ለጀማሪ ዋናው ይህ ነው። ኩባንያዎች «ልምድ አለህ ወይ?» ይላሉ፤ ልምድ ደግሞ ያለ ሥራ አይገኝም። ይህን ቋጠሮ የሚፈታው የመጨረሻ ዓመት ፕሮጀክትና በቤት የተሠራ ሥራ ነው። «ፕሮጀክት ሠርቻለሁ» ብሎ መጻፍ ግን አይበቃም። «የአፈር እርጥበት እየለካ ውኃ የሚከፍትና የሚዘጋ መሣሪያ ሠራሁ፤ ፕሮግራሙን በሲ ጻፍሁ፤ ባትሪው ቶሎ ያልቅ ስለነበር ቺፗ በየመካከሉ እንድትተኛ አድርጌ አስተካከልሁት» ብሎ የጻፈ ማረሻውን አሳየ ማለት ነው። ምን እንደሠራ፣ በምን እንደሠራ፣ ምን ችግር እንደገጠመውና እንዴት እንደፈታው በሦስት መስመር ተናግሯል።

በ2005 እ.ኤ.አ. በጣልያን አገር ለተማሪዎች ተብሎ የተፈጠረ አርዱዊኖ የሚባል መለማመጃ ሰሌዳ አለ፤ ዋጋውም ብዙ አይደለም። በወጥ ቤት ጠረጴዛችሁ ላይ እንዲህ ያለ ሰሌዳ፣ ሽቦና ትንንሽ መብራቶች ስታዩ «ትልቅ ሰው ሆኖ ይጫወታል» አትበሉት። ወናፉን እየነፋ ነው።

አራተኛ፣ ሌላ ሥራ። ለትምህርቱ ለመክፈል በሱፐር ወይም በሽሚራ የሠራ ልጅ በአንድ መስመር ይጻፈው። ራሱን ችሎ የተማረ መሆኑን ያሳያል እንጂ አያሳፍርም።

«ሠራን» እና «ሠራሁ»

ወረቀቱ ተቀባይነት ሲያገኝ ራዓዮን ይመጣል። ብዙ ጎበዝ ልጆች የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው፤ ምክንያቱም ዕውቀት ማነስ ብቻ አይደለም። እኛ ልጆቻችንን በትልቅ ሰው ፊት ዓይናችሁን ዝቅ አድርጉ፣ ራሳችሁን አታመስግኑ ብለን አሳድገናል። ይህ ጨዋነት ነው። ጠያቂው ግን ዓይኑን ዝቅ ያደረገውን «በራሱ አይተማመንም» ብሎ ሊያልፈው ይችላል። ልጁ ከጓደኞቹ ጋር የደከመበትን ሥራ «ሠራን» ይላል፤ ጠያቂው የሚፈልገው «አንተስ የትኛውን ክፍል ሠራህ?» የሚለውን ነው። በእጅ የሠሩትን በእውነት መናገር ትዕቢት አይደለም።

ወላጆች እዚህ ላይ ልትረዱ ትችላላችሁ። አንድ ማታ ቡና አፍልታችሁ ልጁን አስቀምጡትና ፕሮጀክቱን በአማርኛ ያስረዳችሁ። ያልገባችሁን «ለምን?» እያላችሁ ጠይቁት። ለእናቱ አቅልሎ ማስረዳት የቻለ ልጅ ለማንም ማስረዳት አያቅተውም።

ሽሚራ ይግባ ወይስ ይጠብቅ?

ሽሚራ የተከበረ እንጀራ ነው፤ ብዙ አባቶች በዚያ ልጆቻቸውን አሳድገዋል። መሽካንታውም እንደማይጠብቅ እናውቃለን። ይሁን እንጂ በቀን አሥራ ሁለት ሰዓት የሚቆም ሰው ማታ የሚማርበት ጉልበት የለውም። ቺፖቹና መሣሪያዎቹ በየጊዜው ይለወጣሉ፤ ከሙያው የራቀበት ጊዜ በረዘመ ቁጥር ገጹን ማስረዳት ይከብዳል። ስለዚህ የሚከተለውን እመክራለሁ።

ከልጃችሁ ጋር ቁጭ ብላችሁ የጊዜ ገደብ ቁረጡ። እስከዚያ ድረስ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን ይሥራና ለቤቱ ያግዝ፤ የቀሩት ቀኖች ለሙያው ይሁኑ። በየቀኑ «ምን አገኘህ?» ከማለት ይልቅ በወር አንድ ጊዜ ተነጋገሩ።

በዋናው በር ብቻ አይሞክር። የተሠራ ዕቃን የመፈተሽ ሥራ፣ የላቦራቶሪ ቴክኒሻንነት፣ የደንበኞች የቴክኒክ ድጋፍ፣ እነዚህ ሁሉ ወደዚያው ቤት ያስገባሉ።

ገና በትምህርት ላይ ያለ ልጅ ደግሞ ምርቃቱን አይጠብቅ። ብዙ ኩባንያዎች የመጨረሻ ዓመቶች ተማሪዎችን በሳምንት ለጥቂት ቀናት ይቀጥራሉ። ከዚያ የሚወጣ ልጅ «ልምድ አለህ ወይ?» ለሚለው መልስ አለው።

መብትና አድራሻ

አንዳንድ ጊዜ ወረቀቱም ሰውየውም ደህና ሆነው በሩ የሚዘጋው በቆዳ ቀለም ወይም በስም ምክንያት ነው። ይህን መሸፈን አይገባም። የ1988 የእኩል የሥራ ዕድል ሕግ ስድስትና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው አሠሪ ሰውን በትውልድ አገሩ፣ በዘሩ ወይም በጾታው ምክንያት እንዳያበላልጥ ይከለክላል። እንዲህ ያለ ነገር የገጠመው ቀኑን፣ የተነገረውን ቃልና የተጻፈለትን መልእክት ይያዝ፤ አቤቱታውንም ለእኩል የሥራ ዕድል ኮሚሽን፣ በዕብራይስጥ ኔጺቡት ሺቭዮን ሂዝዳምኑዮት ባዓቦዳ ለሚባለው ያቅርብ።

የኮምፒውተር ሙያ መማር ለሚፈልጉ የማኅበረሰባችን ወጣቶች ቴክ-ካሪየራ የተባለ ድርጅት አለ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ላይ የማኅበረሰባችን ልጅ በሆነው በአሸር ኤሊያስ ተመሥርቶ በኪቡጽ ናሕሾን ጀመረ፤ በኋላም ወደ ሎድ ተዛወረ። አዲስ ዓሊያዎች ደግሞ ለከፍተኛ ትምህርት ክፍያ እርዳታ እንደሚገባችሁ ለማወቅ ሚንሃል ሃስቱደንቲምን ጠይቁ፤ ትምህርቱ ከመጀመሩ በፊት መጠየቅ ይሻላል።

በመጨረሻ፣ ትንንሽ ልጆች ላሏችሁ። የዚህ ሙያ በር የሚከፈተው በሂሳብ ነው። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ልጆች በሃክባጻ ሲከፋፈሉ፣ ለባግሩት ሦስት፣ አራት ወይም አምስት የሂዶት የሚማሩት ማን ማን እንደሆኑ መለየት ይጀምራል። ልጃችሁን ዝቅ ባለው ሊመድቡት ሲሉ ያልገባችሁን ወረቀት አትፈርሙ። ሜጋሼር እንዲመጣላችሁ ጠይቁና «ለምን? ከፍ ወዳለው ለመግባትስ ምን ይጎድለዋል? ማን ያግዘዋል?» በሉ። ሦስቱን ጥያቄዎች መጠየቅ መብታችሁ ነው፤ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ።

ሰላም ሁኑ፣ በሚቀጥለው እትም እንገናኝ።

የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ፣ ክርያት ሞሼ