ኮምፒዩተር ሠሪዎች ሊኑክስን ጭነው ሊሸጡ ይገባልን?

ጨርቅ ሊገዛ ወደ ገበያ የወጣን ሰው ነጋዴው ጣቃውን እየዘረጋ ያማርጠዋል፤ ጫማ የሚገዛም ቁጥሩንና ቀለሙን ይጠየቃል። ኮምፒዩተር ሊገዛ የሄደ ሰው ግን ስለ ስክሪኑ ስፋትና ስለ ሜሞሪው መጠን ብዙ ሲነገረው ይቆይና ከሁሉ የሚበልጠውን ነገር ማንም ሳይጠይቀው ዕቃውን ተሸክሞ ይሄዳል። ያ ነገር ቀድሞ ተመርጦለታል፤ ዋጋውም ከዕቃው ዋጋ ጋር ተደምሮ ተከፍሏል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ታላላቅ ኮምፒዩተር ሠሪዎች፣ ይልቁንም ዴል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ፣ ሊኑክስ የተጫነባቸውን ኮምፒዩተሮች እንደ ሌሎቹ ሁሉ በግልጥ ሊሸጡ ይገባል ወይስ አይገባም የሚለውን ጥያቄ መመርመር ነው። አሳቤን ከወዲሁ ልንገራችሁ፤ ይገባል እላለሁ። ምክንያቴ ግን ብዙ ጊዜ ከሚሰጠው ምክንያት፣ ማለት ከርካሽነቱ፣ የተለየ ነው።

ነገሩ እንግዳ ለሚሆንባቸው ወላጆቻችን በአጭሩ ላስረዳ። ትልቅ ድግስ የተደገሰበትን ቤት እናስብ። እህሉ ሞልቷል፤ እንጨቱ ተፈልጧል፤ አሳላፊዎቹም ቆመዋል። ነገር ግን ለማን ምን እንደሚቀርብ የሚያዝ አንድ ሰው ከሌለ ሁሉም ይተራመሳል። በኮምፒዩተር ውስጥ ይህን የአዛዥነት ሥራ የሚሠራው ኦፕሬቲንግ ሲስተም፣ በአማርኛም ስርዓተ ክወና የሚባለው ፕሮግራም ነው። የጻፍነውን ፊደል ወደ ስክሪኑ የሚያደርስ፣ ወደ ፕሪንተሩ የሚልክ፣ ያስቀመጥነውንም ፋይል መልሶ የሚያወጣልን እርሱ ነው። ከእነዚህ ስርዓቶች በገበያ ላይ እጅግ የታወቀው የማይክሮሶፍት ዊንዶውስ ነው። ሊኑክስ ግን በ1991 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በፊንላንድ አገር የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ሊኑስ ቶርቫልድስ በ21 ዓመቱ የጀመረው ሥራ ነው። በሚከተለው ዓመት፣ ማንም ሰው የፕሮግራሙን የውስጥ አጻጻፍ እንዲያነብ፣ እንዲያሻሽልና ለሌላም እንዲያድል በሚፈቅድ ውል አወጣው። ይህ ውል አስቀድሞ የተዘጋጀው በአሜሪካዊው ሪቻርድ ስቶልማን ሲሆን፣ እርሱም ከ1983 ጀምሮ ነጻ ፕሮግራሞችን ሲያሰናዳ የቆየ ሰው ነው። ከዚያ ወዲህ በሺህ የሚቈጠሩ ሰዎች በየአገራቸው ሆነው ሊኑክስን ሲያበጁት ኖረዋል።

አንዳንድ ጓደኞቼ ሊኑክስ ለጥቂት አዋቂዎች መጫወቻ እንጂ ለተራ ሰው የሚሆን ዕቃ አይደለም ይላሉ። እንዲህ የሚል ተማሪ በኪሱ የያዘው ስልክ አንድሮይድ ከሆነ፣ ሊኑክስን ይዞ ሊኑክስን ያማል ማለት ነው፤ በ2008 ለገበያ የቀረበው አንድሮይድ የተሠራው በሊኑክስ እምብርት ላይ ነውና። በዓለም ላይ በኃይላቸው ከታወቁት 500 ታላላቅ ኮምፒዩተሮችም ከኖቬምበር 2017 ጀምሮ ሊኑክስ የማይሠራበት አንድም የለም። እንግዲህ ከሁሉ በሚያንሰው ከስልኩም፣ ከሁሉ በሚበልጠውም ማሽን ላይ ሊኑክስ ነግሦ ሳለ፣ በመካከል ባለው፣ በጠረጴዛችን ላይ በምናኖረው ኮምፒዩተር ላይ ለምን እንግዳ ሆነ?

መልሱ ከችሎታው ላይ አይገኝም። አንድሮይድን በስልኩ ላይ ራሱ የጫነ ሰው ከመካከላችን ማን አለ? ስልኩ ተጭኖበት መጣ፤ እኛም ተጠቀምንበት። ሰው የሚጠቀመው ሠሪው ጭኖ በሰጠው ነገር ነው። ስለዚህ ሠሪው የሚጭነውን ሲመርጥ የሚመርጠው ለአንድ ዕቃ ብቻ ሳይሆን ለብዙ ሚሊዮን ሰዎች ልማድ ጭምር ነው።

ይህንንም ማይክሮሶፍት ከማንም አስቀድሞ የተረዳ ይመስለኛል። ከ1994 በፊት ከብዙ ሠሪዎች ጋር ያደርገው የነበረው ውል፣ ሠሪው የማይክሮሶፍትን ፕሮግራም ቢጭንበትም ባይጭንበትም በሸጠው ኮምፒዩተር ቍጥር ልክ እንዲከፍል የሚያደርግ ነበር። ሌላ ስርዓት ለመጫን የፈለገ ሠሪ ለአንዱ ዕቃ ሁለት ጊዜ ይከፍላል ማለት ነው። ማን ይህን ያደርጋል! በ1994 የአሜሪካ የፍትሕ ሚኒስቴር ነገሩን ወደ ፍርድ ቤት አምጥቶ፣ ማይክሮሶፍት እንዲህ ያለውን ውል ለመተው ተስማማ። ውሉ ቀረ፤ ልማዱ ግን አልቀረም።

ወደ ዴል እንመለስ። ይህ ኩባንያ በ1984 በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ በነበረው በማይክል ዴል የተመሠረተ ነው። በፌብሩዋሪ 2007 ደንበኞቹ አሳባቸውን እንዲያቀርቡና በቀረበውም ላይ ድምፅ እንዲሰጡ በኢንተርኔት መንገድ ቢከፍትላቸው፣ ሊኑክስ ተጭኖ ይሸጥልን የሚለው ጥያቄ ብዙ ሺህ ድምፅ አግኝቶ ከሌሎቹ ሁሉ በላይ ወጣ። ኩባንያውም ጥያቄውን ሰማ። በዚያው ዓመት በሜይ ወር ኡቡንቱ የተጫነባቸውን ሁለት የጠረጴዛ ኮምፒዩተሮችና አንድ ላፕቶፕ በአሜሪካ መሸጥ ጀመረ። ኡቡንቱ ከሊኑክስ ዓይነቶች አንዱ ሲሆን፣ ከ2004 ጀምሮ እንዲወጣ ያደረገው የደቡብ አፍሪካ ተወላጅ የሆነው ማርክ ሻትልወርዝ ነው። ስሙም ከደቡብ አፍሪካ ቋንቋዎች የተወሰደ፣ ሰብአዊነትን የሚያመለክት ቃል ነው። በ2012 ደግሞ ዴል ኤክስ ፒ ኤስ 13 የተባለውን ቀጭን ላፕቶፕ ኡቡንቱ ጭኖበት ለፕሮግራም ጸሐፊዎች አቀረበ።

እንግዲህ ነገሩ አልቋል የሚል ይኖር ይሆናል። አላለቀም። ለፕሮግራም ጸሐፊዎች ብሎ በአንድ ጥግ ማስቀመጥና ለሁሉ ገዢ ማቅረብ የተለያዩ ናቸው። ተራው ሰው በሱቅ መደርደሪያ ላይ የማያገኘው፣ ሻጩም ስሙን የማያነሣለት ዕቃ አለ ቢባል፣ ላም አለኝ በሰማይ ከማለት አይለይም።

የተቃዋሚዎቹንም ቃል መስማት ይገባል፤ ባዶ ቃል አይደለምና። በ2007 የታይዋኑ አሱስ ሊኑክስ የተጫነበትን ኢ ፒ ሲ የተባለ ትንሽ ርካሽ ላፕቶፕ ባወጣ ጊዜ ገዢው ብዙ ሆነ፤ ሌሎችም ሠሪዎች ተከተሉት። ነገር ግን በ2008 ኤም ኤስ አይ ከተባለው ኩባንያ አንድ ኃላፊ፣ ሊኑክስ ያለባቸው ትንንሽ ላፕቶፖች ተመላሽ የሚሆኑት ዊንዶውስ ካለባቸው በአራት እጥፍ እንደሚበልጥ ተናገረ። ሰው የለመደውን መስኮት ሲያጣ ዕቃው የተበላሸ ይመስለዋል። በጀርመን አገር የሙኒክ ከተማ አስተዳደር ወደ 15,000 የሚሆኑ ኮምፒዩተሮቹን ለብዙ ዓመታት ደክሞ ወደ ሊኑክስ ካዛወረ በኋላ፣ በ2017 ወደ ዊንዶውስ ለመመለስ ወስኗል። ከዚህም በላይ ፎቶሾፕንና ብዙ የታወቁ ጨዋታዎችን የመሰሉ ፕሮግራሞች ለዊንዶውስ የተሠሩ በመሆናቸው፣ አንዳንዶቹ በሊኑክስ ላይ ከነጭራሹ አይሠሩም፤ ሌሎቹም የሚሠሩት በብልሃት ነው። ኑሮውን በእነዚህ የሚመራ ሰው ሊኑክስን ግዛ ቢባል ጉዳት ነው።

ይህን ሁሉ እቀበላለሁ። ይሁን እንጂ የተመለሱት ላፕቶፖች ለእኔ የሚነግሩኝ ሌላ ነገር ነው። ገዢው የገዛው ምን እንደሆነ አልተነገረውም ነበር። ትንሽነቱንና ርካሽነቱን አይቶ ገዛ፤ ቤቱ ደርሶ ሲከፍተው ያልጠበቀውን አገኘ። ሳይጠይቁ ዊንዶውስ መስጠት ስሕተት ከሆነ ሳይነግሩ ሊኑክስ መስጠትም ያው ስሕተት ነው። የእኔ ክርክር ሊኑክስ በዊንዶውስ ወንበር ይቀመጥ የሚል አይደለም፤ ገዢው ይጠየቅ የሚል ነው።

አሁን ወደ ዋናው ምክንያቴ ልምጣ። ሊኑክስን የሚፈልግ ሰው ከኢንተርኔት ያለ ዋጋ አውርዶ ራሱ ሊጭነው ይችላል፤ ታዲያ ሠሪው ለምን ይድከም? ብለው ብዙዎች ይጠይቃሉ። ራሱ የሚጭን ሰው የሚደርስበትን ግን እንይ። ስርዓቱ ተጫነ፤ ዋይፋዩ ግን አልነቃም። ወይም ክዳኑ ተዘግቶ ሲከፈት ኮምፒዩተሩ አልነሣ አለ፤ ወይም ድምፁ ጠፋ። ይህ የሚሆነው እያንዳንዱ የውስጥ ዕቃ ከስርዓቱ ጋር የሚያስተዋውቀው ድራይቨር የተባለ ትንሽ ፕሮግራም ስለሚያስፈልገው ነው። ለዊንዶውስ ድራይቨሩን ዕቃውን የሠራው ኩባንያ አዘጋጅቶ ይሰጣል፤ ለሊኑክስ ግን ብዙ ጊዜ በጎ ፈቃደኞች ከውጭ ሆነው፣ ዕቃው እንዴት እንደተሠራ ማንም ሳያስረዳቸው፣ እየገመቱ ለመጻፍ ተገደው ኖረዋል። ገዢው ለኩባንያው አቤት ቢል፣ እኛ የሸጥንልህ ከዊንዶውስ ጋር ነው ይሉታል። ጎረቤቱ ደግሞ፣ ሊኑክስ አይረባም አላልኩህም? ይለዋል። ጥፋቱ የማንም ሳይሆን ዕዳው የእርሱ ብቻ ይሆናል።

ሠሪው ራሱ ጭኖ ሲሸጥ ነገሩ ይለወጣል። ዋይፋዩን የሚመርጠው በሊኑክስ እንደሚሠራ አረጋግጦ ነው፤ ያልሠራ እንደሆነም ድራይቨሩን እንዲጽፍ ዕቃውን የሠራውን ኩባንያ ያስገድደዋል። አንድ ተማሪ ደብዳቤ ቢጽፍለት የማይመልስ የዋይፋይ ሠሪ፣ ዴል በብዙ ሺህ የሚቈጠር ዕቃ የሚገዛው ደንበኛው ስለሆነ ቃሉን ይሰማል። ከሁሉ የሚደንቀው ደግሞ፣ እንዲህ ተጽፎ አንድ ጊዜ ወደ ሊኑክስ እምብርት የገባ ድራይቨር የዴል ብቻ ሆኖ አለመቅረቱ ነው። ያንኑ ዕቃ የያዘ የሌላ ኩባንያ ኮምፒዩተርም ይጠቀምበታል፤ የዛሬ አምስት ዓመት አሮጌ ሆኖ በእርዳታ ወደ አንድ ትምህርት ቤት የሚመጣውም ኮምፒዩተር ይጠቀምበታል።

ይህ ለእኛ ሩቅ ነገር አይደለም። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲ ፒ ኤም 2.0 የተባለ የደኅንነት ዕቃ የሌለውን ኮምፒዩተር በደንቡ አይቀበልም። ስለዚህ ምንም ሕመም የሌለበት፣ ጽሑፍ ለመጻፍና ሒሳብ ለመሥራት የሚበቃ ብዙ ኮምፒዩተር ጡረታ ውጣ ተብሏል። ሠሪው ከመጀመሪያው ያንን ሞዴል በሊኑክስ ፈትኖ ሸጦት ቢሆን ኖሮ፣ የትምህርት ቤቶች የኮምፒዩተር መምህራን ይሠራል ወይስ አይሠራም እያሉ በየማሽኑ ላይ ባልደከሙ ነበር።

በአገራችን ገበያ ያለውን ሌላ ነገር ደግሞ ሳልጠቅስ አላልፍም። አንዳንድ ሠሪዎች ያለ ዊንዶውስ እንሸጣለን ሲሉ፣ ባዶውን ወይም ፍሪዶስ የተባለውን፣ ለዛሬ ሥራ ብዙም የማይጠቅመውን ስርዓት ጭነው ይሸጣሉ። ለይስሙላ ካልሆነ ይህ ምርጫ አይባልም። ባዶውን የገዛ ሰው የሚያደርገው ይታወቃል፤ ያለ ፈቃድ የተቀዳ ዊንዶውስ በትንሽ ገንዘብ ያስጭናል። ቅጂውን ማን እንደነካካው፣ በውስጡም ምን ቫይረስ እንደተሸሸገ አያውቅም። የአባቱን የንግድ ሒሳብ፣ የእናቱን የባንክ ቍጥር፣ የራሱንም የፈተና ማመልከቻ በዚያው ላይ ይጽፋል። የተፈተነና በሕግ የተፈቀደ ሊኑክስ በዚያ ባዶ ቦታ ተጭኖ ቢመጣ፣ ፈቃድ ለመግዛት ዐቅም የሌለው ቤተ ሰብ ከሌብነትም ከቫይረስም ይድን ነበር። የፊደላችንም ነገር ቢሆን አያስጨንቅም፤ የግእዝ ፊደል በ1999 በዩኒኮድ ከተመዘገበ ወዲህ በሊኑክስ ላይ አማርኛ መጻፍ ይቻላል።

ስለ ዋጋው ጥቂት ልበል። ልዩነቱ ብዙ ሰው እንደሚያስበው ትልቅ አይደለም፤ ትልልቅ ሠሪዎች ዊንዶውስን በጅምላ ስለሚገዙ እኛ በችርቻሮ ከምናየው ዋጋ በታች ያገኙታል። ቢሆንም ያልጠየቁትን መክፈል ዕዳ ከሜዳ ነው። የአውሮፓ ኅብረት የፍትሕ ፍርድ ቤት በ2016፣ ፕሮግራም የተጫነበትን ኮምፒዩተር ያለ ሌላ አማራጭ መሸጥ፣ ገዢው አስቀድሞ እስከተነገረው ድረስ በራሱ ብቻ የተከለከለ ንግድ አይደለም፤ የየፕሮግራሙንም ዋጋ ለይቶ አለመጻፍ ማሳሳት አይደለም ብሎ ፈርዷል። ሕጉ እንዲህ ከሆነ ሠሪው አይከሰስም። ነገር ግን ባለሱቅ የስኳሩንና የዘይቱን ዋጋ ደምሮ አንድ ቍጥር ብቻ ቢነግረን ዝም እንለዋለን? ዋጋውን ለይቶ መጻፍ አንድ መስመር እንጂ ሌላ ወጪ አይጠይቅም።

ስለዚህ ከዴልና እርሱን ከሚመስሉ ኩባንያዎች የሚጠበቀው በዓይነቱ የተለየ ማሽን አይደለም። አንዱ ሞዴል፣ ከሁለቱ ስርዓቶች በገዢው ምርጫ፣ በአንድ መደርደሪያ ላይ ይቅረብ። የማይሠሩት ፕሮግራሞችም በሳጥኑ ላይ ሳይደበቁ ይጻፉ። የዋስትናው ወረቀት ለሁለቱም አንድ ይሁን፤ ሊኑክስን መርጦ የገዛ ሰው ዋይፋዩ ሥራ ባቆመበት ቀን ወደ ሻጩ ሲሄድ፣ ዊንዶውስ ጫንበትና ተመለስ የማይባልበት ወረቀት።