መቀመጥና ባለቤት መሆን



ሆላንድ የምትኖረው የአክስቴ ልጅ ሰሞኑን ደውላ ከቋንቋ ትምህርቷ አንድ ቃል ነገረችኝ፤ «ግሮንድቤዚት»። የመሬት ይዞታ ማለት ነው። «ግሮንድ» መሬት ነው። «ቤዚት» የመጣው «ቤዚተን» ከሚለው ግሥ ነው፤ በውስጡም «ዚተን» አለ፣ መቀመጥ ማለት ነው። እንግዲህ ቃሉ ሲፈታ መሬት ላይ መቀመጥ እንደማለት ነው። የጀርመኖቹ «ቤዚትስ»ም እንዲሁ ነው።

የእኛ «ይዞታ» ግን ከ«ያዘ» ነው። ግዕዙ «አኀዘ»፣ ዕብራይስጡ «አሐዝ» ይለዋል፤ የኦሪቱ «አሑዛ»ም ከዚሁ ሥር ነው። «ርስት» ደግሞ ከ«ወረሰ» ነው፤ ከዕብራይስጡ «ዬሩሻ» ጋር ሥራቸው አንድ ነው።

«እኛም እኮ የት ትቀመጣለህ እንላለን» ስላት ሳቀች። እኔ ግን አባቴ ትዝ አለኝ። ስለ ጎንደር ሲጠየቅ «እዚያ ተቀምጠን ነበር» ይላል እንጂ «መሬታችን» ሲል ሰምቼው አላውቅም። ቤተ እስራኤል ካልተጠመቁ የአባቶቻቸውን ርስት እንዳይወርሱ የከለከሉት አፄ ይስሐቅ (1414–1429 እ.ኤ.አ.) ናቸው ተብሎ ይተረካል። ከዚያ ወዲህ ብዙዎች በሰው መሬት ጢሰኛ ሆነው፣ ብረት እየቀጠቀጡ፣ ሸክላ እየሠሩ ኖሩ። ጢሰኝነት በአዋጅ የቀረው በ1967 ዓ.ም. ነው። ያን ሁሉ ዘመን ተቀምጠዋል፤ ርስት ግን አልነበራቸውም።

የሆላንድ ሕግም ቢሆን «ቤዚት»ን ከ«ኤይኸንዶም» ማለትም ከባለቤትነት ይለያል። ተከራይ ደግሞ «ሃውደር»፣ ያዥ ብቻ ነው። ኪራይ እየከፈለ ሃያ ዓመት ቢቀመጥም ባለቤት አይሆንም።

ይህን የምጽፈው ለቃል ጨዋታ አይደለም። እዚህም እስራኤል ውስጥ ብዙ እናቶቻችን ለዓመታት የተቀመጡበትን ቤት «ቤቴ» ይላሉ፤ ወረቀቱ ግን የኪራይ ነው። ልጆቹም እንወርሳለን ብለው ያስባሉ። እውነቱን የሚያውቁት ከቀብር በኋላ ነው፤ ያኔ ደግሞ ሐዘን ላይ ሐዘን ይጨመራል።

በእኔ አስተያየት ጥፋቱ የሽማግሌዎቹ አይደለም። ዕብራይስጥ የምናነብ እኛ ነን። ስለዚህ እባካችሁ፣ በሚቀጥለው ሻባት ማግስት ከእማማና ከአባባ ጋር ቁጭ ብላችሁ ወረቀቱን አንብቡላቸው። ኪራይ ነው ወይስ ግዢ? በማን ስም ነው? ታቡ ላይ ተመዝግቧል? ያልገባችሁን ጠበቃ ጠይቁ።

አባቶቻችን ያለ ርስት የተቀመጡት ተከልክለው ነው። እኛ ግን ባለማንበብ አንጣው።

እግዚአብሔር ይጠብቃችሁ።